ስለ ሞተር ቺንጊያ አያያዝና አለዋወጥ

የነጋዴ ትርፍ ዕቃ በመግዛትና በመሸጥ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ዕቃው በተባለው ቀን ከተባለው ሥፍራ መድረስም አለበት። ከጂቡቲ ወደብ ጭኖ የተነሣ መኪና በአፋር ሐሩር መካከል ቢቆም፥ ምክንያቱ የአንድ የጐማ ቺንጊያ መበጠስ ሊሆን ይችላል።

ቺንጊያ የሞተሩን ዙር ተቀብሎ ለዲናሞው፥ በብዙ መኪኖችም ለውሃው ፓምፕ ያስተላልፋል። በተበጠሰ ጊዜ ባትሪው መሞላቱ ይቀራል፤ ውሃው መዘዋወሩን ካቆመም ሞተሩ ወዲያው ይግላል። ሹፌሩ «እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ» ብሎ ቢነዳ ቴስታታው ይጣመምና የቺንጊያ ወጪ የሞተር ወጪ ይሆናል።

ምርመራው የሚደረገው ሞተሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ነው። ጠርዙ የተተረተረ፥ የተሰነጠቀ ወይም ዘይት የጠጣ ቺንጊያ ይለወጣል። ይሁን እንጂ ዛሬ ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጐማ የሚሠሩት ሳይሰነጠቁ ሊያልቁ ስለሚችሉ፥ በመስመሮቻቸው መካከል ያለው ቦይ መስፋቱ ይታይ። ሲጮህ ሳሙና ወይም ቅባት መቀባት ሕመሙን መሸፈን እንጂ ማዳን አይደለም።

በሚለወጥበት ጊዜ አስቀድሞ የአሮጌው አካሄድ በወረቀት ይነደፋል። ማወጠሪያው ሳይላላ በብረት እያስገደዱ ማስገባት የውስጡን ክር ይጐዳል። ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጊያ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል፤ የላላም ይንሸራተታል። በእጅ የሚወጠር አዲስ ቺንጊያ ጥቂት ከሠራ በኋላ ስለሚረግብ ዳግመኛ ይወጠር።

በክዳን ውስጥ የሚሠራው ባለጥርስ የታይሚንግ ቺንጊያ ግን ምልክት ሳይሰጥ ሊበጠስ፥ በብዙ ሞተሮችም ፒስተኑን ከቫልቮላው ሊያጋጭ ስለሚችል፥ አምራቹ የወሰነው ጊዜ ወይም ኪሎ ሜትር እንደሞላ ይለወጥ።

ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች ዋናው ነገር ቁጥሩ ነው። «6 ፒ.ኬ. 1870» ማለት ስድስት መስመር ያለው፥ ርዝመቱ 1870 ሚሊ ሜትር የሆነ ቺንጊያ ማለት ነው። «ይቀራረባል» ብሎ ሌላ ርዝመት መሸጥ ደንበኛን መንገድ ላይ መጣል ይሆናል። ዕቃውንም ፀሐይ በሚመታው መስኮት ማንጠልጠል፥ በቀጭን ምስማር መስቀል ወይም አጥፎ ማሰር ሳይሸጥ ያስረጀዋል።

ባለመኪኖችም በየመኪናው መዝገብ የቺንጊያውን ቁጥርና የተለወጠበትን ቀን ያስጽፉ፤ አንድ ትርፍ ቺንጊያም ከሹፌሩ ጋር ይኑር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።