ስላይዱና ባለቤቱ፤ ስለ ሥራ ተነሳሽነት ጥቂት ነጥቦች

ለወባ ምርመራ የተወሰደን የደም ናሙና የሚያይ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ በጊምሳ የቀለመውን ስላይድ 1000 ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ሥር አኑሮ፣ «ጥገኛ ተሐዋሲ አልተገኘም» ብሎ ከመጻፉ አስቀድሞ ቢያንስ 100 የእይታ መስኮችን መመልከት ይጠበቅበታል። በ40ኛው መስክ ላይ ዓይኑ ሲዝል ቀሪዎቹን 60 እንዲያይ የሚያደርገው ምንድን ነው? ደመወዙ ያው ነው፤ አለቃውም አጠገቡ አልቆመም። በ61ኛው መስክ ላይ ያለች አንዲት ፋልሲፓረም ግን ሳትታይ ብትታለፍ ሕፃን ልትገድል ትችላለች።

አዳም ግራንትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥያቄ ፍንጭ ይሰጠናል። ጥናቱ የተካሄደው በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የስልክ ማዕከል ነው። ሠራተኞቹ ለቀድሞ ተመራቂዎች እየደወሉ ለዩኒቨርሲቲው መዋጮ ይጠይቃሉ፤ ውለው የሚያድሩት እምቢታ ሲሰሙ ነው። ተመራማሪዎቹ ከእነርሱ ጥቂቶቹን፣ በዚያ ገንዘብ የነጻ ትምህርት ዕድል ካገኘ ተማሪ ጋር ለአምስት ደቂቃ ያህል አገናኟቸው። ከአንድ ወር በኋላ እነዚህ ሠራተኞች በስልክ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ በ142 በመቶ፣ የሚሰበስቡት ገንዘብ ደግሞ በ171 በመቶ ጨመረ። የተጠቃሚ ተማሪ ደብዳቤ ብቻ ያነበቡት ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አላሳዩም።

የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ ስለ ነበር አሃዞቹን እንደ ተፈጥሮ ሕግ አንወስዳቸውም። የደብዳቤው ነገር ግን ያሳስበናል። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው «ራእይና ተልእኮ» በመስታወት ከመከደኑ በቀር ከዚያ ደብዳቤ በምን ይለያል?

ወደ ማይክሮስኮፑ እንመለስ። ስላይዱ ወደ ባለሙያው የሚደርሰው ቁጥር ተጽፎበት ነው፤ ውጤቱም በወረቀት ይወጣል። በእርሱ ትጋት ማን እንደ ዳነ የሚነግረው የለም፤ ናሙናው ዳግም ሲመረመርም ስሙ የሚነሣው በአብዛኛው ሲሳሳት ነው። እንዲህ ባለ አሠራር ውስጥ ያለን ሰው «ተነሳሽነት የለውም» ብሎ መውቀስ፣ በእኛ አስተያየት፣ ችግሩን ከአሠራሩ አንሥቶ በጠባዩ ላይ መጫን ነው። የደመወዝ ማነስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አምስት ደቂቃ የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ለፋልሲፓረም ወባ በተለምዶ የሚታዘዘው አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን የሦስት ቀን መድኃኒት ነው። እናቲቱ ፈቃዷ ሆኖ በአራተኛው ቀን ልጇን ይዛ ለክትትል ስትመለስ በላቦራቶሪው መስኮት በኩል ብታልፍ፣ ጤና ጣቢያውን የሚያስወጣው ገንዘብ የለም።