በቀን ሦስት ዙር

በጥንት ግሪኮች ተረት ታሎስ የሚባል የነሐስ ሰው አለ። በአንደኛው ትረካ አንጥረኛው አምላክ ሄፋይስቶስ ሠርቶ ለቀርጤስ ንጉሥ ለሚኖስ ሰጠው። ሥራው ጥበቃ ነው፤ ደሴቲቱን በቀን ሦስት ጊዜ ይዞራል፣ የሚጠጋ መርከብ ሲያይ ቋጥኝ ይወረውራል። ተረቱ ቁጥሯን ጣል አድርጎ ያልፋል። ማስላቱ ግን አይከፋም።

የቀርጤስ የባሕር ዳርቻ 1,046 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሦስት ዙር 3,138 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ 74 ማራቶን መሆኑ ነው፣ ያውም በየቀኑ። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚገሰግስ ብርቱ እግረኛ ይህችን የአንድ ቀን ሥራ ለመፈጸም ጥቅምት 1 ቢነሣ፣ የሚጨርሰው ለገና አሥር ቀን ሲቀረው ነው። ታሎስ እንቅልፍ የለውም እንበልና ፍጥነቱ በሰዓት 131 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ማራቶንን በ2 ሰዓት የሚፈጽም ሯጭ በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ይሮጣል።

ርቀቱን በሌላ የግሪክ ተረት እንለካው። በሆሜር ግጥም በኢሊያድ መጀመሪያ የአማልክት ንጉሥ ዜውስ አማልክቱን አስከትሎ ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ ይወርዳል፤ የሚመለሰው በ12ኛው ቀን ነው። (የሆሜር ኢትዮጵያውያን የት እንደነበሩ ሌላ ክርክር ነው።) በ12 ቀን ታሎስ 37,656 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የምድር ዙሪያ በወገቧ 40,075 ኪሎ ሜትር ነው። ግብዣው አንድ ቀን ቢጨመርለት ኖሮ፣ የዘበኛው ርምጃ ምድርን ዞሮ ይተርፍ ነበር።

ክብደቱስ? 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው መልኩና ቁመቱ ሳይለወጥ ድፍን ነሐስ ቢሆን ከ6 ኩንታል በላይ ይመዝናል። የታሎስ ቁመት የሰው አሥር እጥፍ ነው እንበል፤ ቁመቱ አሥር እጥፍ ሲያድግ ወርዱና ውፍረቱም አብረው አሥር እጥፍ ስለሚያድጉ ክብደቱ ሺህ እጥፍ ይሆናል፤ 616 ቶን ገደማ። 50 ኩንታል በሚጭን አይሱዙ ቢጓጓዝ 124 መኪና ይፈልጋል።

ጥበቃው ግን ክፍተት አለው። በቀን ሦስት ዙር ማለት፣ አንዱን የባሕር ዳር ካለፈ በኋላ ተመልሶ የሚያየው ከ8 ሰዓት በኋላ ነው።

በዚያ ሁሉ ነሐስ ውስጥ ያለችው ደም ሥር አንዲት ብቻ ናት፤ ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ትወርዳለች፣ ጫፏ ላይ የነሐስ ሚስማር ተወትፏል። ሚስማሩ አንድ ኪሎ ቢመዝን እንኳ ከባለቤቱ 616,000 እጅ ይቀላል። አርጎ የምትባለው መርከብ ሰዎች ሲመጡ አብራቸው የነበረችው ጠንቋይ ሜዲያ ሚስማሩን ነቀለችው ይላል አንዱ ትረካ። በሌላው፣ ቋጥኝ ሊያነሣ ሲል ቁርጭምጭሚቱን ድንጋይ ቧጠጠው፣ በደም ሥሩ ያለው ፈሳሽም እንደ ቀለጠ እርሳስ ወረደ።

መርከበኞቹ ያን ሌሊት ዳርቻው ላይ አደሩ፤ ውኃ ቀድተው ሄዱ።