ስለ ጉበት በሽታ መከላከያ ክትባት ነጋዴ ማወቅ የሚገባው

ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚነሣው ሸቀጥ፥ ከመቂና ከዝዋይ የሚጫነው አትክልት፥ ከጅቡቲ መጥቶ በአዳማ (ናዝሬት) በኩል የሚያልፈው ዕቃ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው በሰው ጤና ነው። ነጋዴ መጋዘኑን ከእሳት፥ መኪናውን ከአደጋ ለመጠበቅ ኢንሹራንስ ይገባል፤ የራሱንና የሠራተኞቹን ጉበት ግን ይዘነጋል። ስለዚህ ሄፓታይተስ ቢ ስለሚባለው የጉበት በሽታና ስለ መከላከያ ክትባቱ ጥቂት ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ዓይን ቢጫ ሲሆን ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» ይለዋል። ከዚህ ሕመም ምክንያቶች አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ሲሆን፥ ከወፍ ጋር ግን ምንም ግንኙነት የለውም። የሚተላለፈው በደም፥ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፥ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ፥ እንዲሁም በጋራ በሚሠራበት ምላጭ፥ መርፌና የጆሮ መብሻ ነው። በመጨባበጥ፥ ከአንድ ማዕድ በመብላት ወይም ገንዘብ በመቀባበል አይተላለፍም። ስለሆነም በሽታው የተገኘበትን ሠራተኛ ከሥራ ማሰናበት ፍርድን ማጓደል ነው።

የበሽታው ክፋት ድምፅ ሳያሰማ መቆየቱ ነው። ብዙ ሰው ምንም ሳይሰማው ለዓመታት ይኖርና ጉበቱ ጠባሳ ይዞ ከጠነከረ ወይም ካንሰር ከያዘው በኋላ ወደ ሐኪም ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፥ እ.ኤ.አ. በ2022 ከበሽታው ጋር የሚኖሩት 254 ሚሊዮን፥ በዚያው ዓመት በዚሁ ምክንያት የሞቱት 1.1 ሚሊዮን ሰዎች ነበሩ።

በአገራችን ይህ ክትባት ከሌሎች አራት መከላከያዎች ጋር ተቀላቅሎ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ሕፃኑ በተወለደ በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይወጋል። እንግዲህ ከዚያ ዘመን በፊት ተወልደው ዛሬ በሱቅ፥ በመጋዘንና በመኪና የሚሠሩት ሰዎች በሕፃንነታቸው አላገኙትም። «በልጅነቴ ተከትቤያለሁ» የሚል ጎልማሳ የሚያስታውሰው ሌላ ክትባት መሆኑ አይቀርም።

ለመከተብ የሚያስብ ሰው የሚከተሉትን ይገንዘብ።

አንደኛ፥ ምርመራ ይቅደም። ክትባቱ ጤነኛውን ይጠብቃል እንጂ ቫይረሱ በደሙ ያለበትን አይፈውስም። ሳይመረመር የተከተበ ሕመምተኛ ድኛለሁ ብሎ ይዘናጋል፤ ሳያውቅም ለቤተሰቡ ያስተላልፋል። በሽታው የተገኘበት ሰው የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል፤ እንደ ቴኖፎቪር ያለ ቫይረሱን የሚገታ መድኃኒትም አለ። የትዳር ጓደኛውና ልጆቹም ይመርመሩ።

ሁለተኛ፥ መርፌው ሦስት ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፥ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ይሰጣል። ሦስቱን ከፈጸሙ ጤነኛ ጎልማሶች ከመቶው ዘጠና የሚበልጡት ይጠበቃሉ። አንዱን ተወግቶ መተው ግን ግማሽ ዋጋ ከፍሎ ዕቃውን ሳይረከቡ እንደ መሄድ ነው። ቀኑ ያለፈበት ሰው ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና ከመጀመሪያው አይጀምርም። በክትባቱ ውስጥ ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሌለ በሽታውን አያመጣም፤ የክንድ ሕመምና ቀላል ትኩሳት ቢሰማ በአጭር ጊዜ ያልፋል። ቀድሞ በክትባት ወይም በእርሾ ብርቱ አለርጂ የደረሰበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር።

ሦስተኛ፥ ክትባት እንደ ማናቸውም ሸቀጥ በእጅ የሚያዝ ዕቃ አይደለም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ አለበት። በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ሁሉም የሚፈራው ሐሩሩን ነው፤ ይሁን እንጂ ይህን ክትባት በረዶ መሆንም ያበላሸዋል። ስለዚህ መድኃኒቱን ገዝቶ በኪስ ከመያዝ ወይም ከበረዶ ጋር አነካክቶ ከማጓጓዝ ይልቅ፥ ማቀዝቀዣውን በሚቆጣጠር የጤና ተቋም መወጋት ይሻላል።

አራተኛ፥ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት አይዘግይ። በወሊድ ጊዜ በሽታው ከተላለፈባቸው ሕፃናት ከአሥሩ ዘጠኙ ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይኖራሉ። ስለዚህ እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ትመርመር፤ በሽታው ከተገኘባት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ስለሚወስደው ክትባት ከሐኪሟ ጋር አስቀድማ ትነጋገር።

በመጨረሻ ለማኅበርተኞቻችን የምናቀርበው ምክር አጭር ነው። ለሠራተኛዎ ለምርመራው ግማሽ ቀን ይፍቀዱለት፤ የሦስቱን መርፌዎች ቀን እንደ ዕዳ መክፈያ ቀን በመዝገብዎ ላይ ይጻፉ፤ ሾፌሩም የክትባት ካርዱን ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ይያዝ። ይህን በማድረግ የሚወጣው ወጪ የአንድ ጎልማሳ ጉበት ከተበላሸ በኋላ ቤተሰቡና ድርጅቱ ከሚከፍሉት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።