ቁልፉ የጠፋበት የብስክሌት መቆለፊያ እንዴት ይፈታል?

የብስክሌት መቆለፊያ ስርቆትን የሚያዘገይ እንጂ ፈጽሞ የሚከለክል ዕቃ አይደለም፤ ማናቸውም መቆለፊያ በቂ ጊዜና ተስማሚ መሣሪያ ያገኘን ሰው እስከ መጨረሻው መቋቋም ስለማይችል፣ አምራቾች በመሠረቱ የሚሸጡት ደቂቃዎችን ነው። ቁልፉ የጠፋበት ባለቤት በዚሁ መሰናክል ፊት ቢቆምም ሌባ የሌለው ሦስት ነገር አለው፤ እነዚህም ጊዜ፣ የቀን ብርሃንና የባለቤትነት ማስረጃ ናቸው። የሌባን ዘዴ በችኮላ የሚኮርጅ ባለቤት እነዚህን ሦስቱን በከንቱ ያባክናል፤ የሚበጀው ምንም ከማያበላሸው መንገድ ጀምሮ ወደሚያበላሸው በደረጃ መሄድ፣ በመጨረሻም ጥፋት ካልቀረ ጥፋቱ በመቆለፊያው ላይ ብቻ እንዲወድቅ ማድረግ ነው።

ከመቁረጥ በፊት የሚሞከረው

አብዛኛው የብስክሌት መቆለፊያ ሲሸጥ ከአንድ በላይ ቁልፍ አብሮት ስለሚመጣ የመጀመሪያው ፍለጋ ትርፉን ቁልፍ ይመለከታል። እርሱ ካልተገኘ የቁልፍ ቁጥር ይፈለጋል፤ የቁልፍ ቁጥር ማለት በቁልፉ ራስ ላይ፣ ወይም ከማሸጊያው ጋር በሚመጣ ካርድ ላይ ታትሞ የሚገኝና የጥርሶቹን አቆራረጥ የሚወክል ቁጥር ሲሆን፣ እንደ አቡስና ክሪፕቶናይት ያሉ አምራቾች ይህን ቁጥር ለያዘ ባለቤት ምትክ ቁልፍ የሚያቀርቡበት አሠራር አላቸው። በገበያ በርካሽ የሚሸጡት ስም የለሽ መቆለፊያዎች ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ቁጥር ስለማይኖራቸው ይህ መንገድ ለእነርሱ አይሠራም።

ቁልፉ ሳይጠፋ በመቆለፊያው ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ ነገሩ ይቀላል፤ ሁለቱ ቁራጮች ከተገኙ ቁልፍ ቀራጭ ገጥሟቸው አዲስ ሊያወጣ ይችላልና። ስባሪውን ለማውጣት ሲሊንደሩ፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበትና አብሮት የሚዞረው ክብ አካል፣ ቁልፍ በሚገባበትና በሚወጣበት አቅጣጫ መቆም አለበት፤ በሌላ አቅጣጫ ላይ ከቆመ የውስጥ አካላቱ ስባሪውን ቆልፈው ይይዙታል። ከዚያ ቀጭን ዘይት ጠብ ተደርጎ፣ ጥርስ ያለው ቀጭን የመጋዝ ስለት ከስባሪው ጎን ገብቶ ጥርሱ ስባሪውን እንዲነክስ ተደርጎ ቀስ ብሎ ይሳባል። በስንጥር ጫፍ ሱፐር ግሉ ቀብቶ ስባሪውን ለማጣበቅ መሞከር ብዙዎችን የሚያጓጓ ዘዴ ቢሆንም፣ ሙጫው ወደ ውስጥ ሲፈስ መላውን አሠራር አጣብቆ ያስቀራል።

የታሰረበት ሁኔታም ሊመረመር ይገባዋል። መቆለፊያው የያዘው የፊት ጎማውን ብቻ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ በ14 ወይም በ15 ቁጥር መፍቻ የጎማውን ብሎኖች ፈትቶ የቀረውን ብስክሌት መውሰድና ለተቆለፈው ጎማ በኋላ ሙሉ መሣሪያ ይዞ መመለስ ይቻላል።

የባለቤትነት ማስረጃ

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሥራ ለተመልካች ስርቆት ስለሚመስል፣ ባለቤቱ ደረሰኙን፣ የብስክሌቱን ፎቶግራፍና የአካል ቁጥሩን ይዞ መቅረብ አለበት፤ የአካል ቁጥር ብዙውን ጊዜ የፔዳሎቹ ዘንግ በሚያልፍበት መጋጠሚያ ሥር በብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። የአካባቢውን ጥበቃ አስቀድሞ ማነጋገርና ሥራውን በቀን፣ ሰው በሚያይበት ማከናወን ከክርክር ያድናል፤ የሚቀጠረው ባለሙያም ማስረጃ መጠየቁ ሙያዊ ግዴታው እንጂ ንቀት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

በሽቦ መነካካት ለምን አይመከርም?

በጣም የተለመደው ውስጣዊ አሠራር አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ጁኒየር እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1865 የፈጠራ መብት ያገኘበት የፒን ሲሊንደር ነው። በዚህ አሠራር ቁመታቸው የተለያየ፣ በሞላ የሚገፉ ትናንሽ የብረት ዘንጎች ሲሊንደሩ እንዳይዞር ይይዙታል፤ ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ዘንግ በልኩ ያነሱና የዘንጎቹ መጋጠሚያ ከሲሊንደሩ ጠርዝ ጋር እኩል ሲሆን ሲሊንደሩ ይዞራል። በተሻሉት የብስክሌት መቆለፊያዎች ውስጥ ደግሞ ፊንላንዳዊው ኤሚል ሄንሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1907 የፈጠረው የዲስክ አሠራር ይገኛል፤ ይህ በሞላ ፋንታ በተለያየ ማዕዘን በሚዞሩ ቀጫጭን ዲስኮች ስለሚሠራ አቧራንና ዝናብን በደንብ ይቋቋማል፣ ያለቁልፍ ለመክፈትም ልዩ መሣሪያና ብዙ ልምምድ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ክብ ቱቦ መሰል ቁልፍ የነበራቸው አንዳንድ የዩ ቅርጽ መቆለፊያዎች በተራ የፕላስቲክ እስክሪብቶ ቀፎ እንደሚከፈቱ በይፋ ታይቶ፣ ክሪፕቶናይት የተሸጡትን በአዲስ ለመለወጥ ተገዷል። ይሁን እንጂ ይህ የአንድ ንድፍ ጉድለት ስለነበር ለሌሎቹ ዓይነቶች አይሠራም። ፊልም ላይ እንደሚታየው በፀጉር መርፌ የሚነካካ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው መርፌው ውስጥ ተሰብሮ መቅረቱን ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የጠፋው ቁልፍ ቢገኝ እንኳ የሚገባበት ቦታ አይኖረውም።

ብረቱን መለየት

የመቁረጫው ምርጫ በብረቱ ጥንካሬ ይወሰናል። ጠንካራነት የተሰጠው ብረት ማለት በእሳት ግሎ በፍጥነት በመቀዝቀዙ ገጹ ወይም መላ አካሉ እንዲጠጥር የተደረገ ብረት ነው። ይህን ለመለየት በማይታይ ጠርዝ ላይ ሞረድ አንድ ጊዜ ማሳለፍ ይበቃል፤ ሞረዱ ነክሶ የሚያብረቀርቅ ጭረት ካስቀረና ዱቄት ካራገፈ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ እንደ መስታወት ላይ ከተንሸራተተና ድምፁ ከቀጠነ ግን ብረቱ የጠነከረ ስለሆነ በእጅ መጋዝ መድከም ከንቱ ነው።

በየዓይነቱ የሚሠራው

የገመድ መቆለፊያ ከሁሉም ደካማው ነው። ከውጭ በፕላስቲክ ተሸፍኖ አውራ ጣት የሚያክል ቢመስልም፣ ሽፋኑ ሲገፈፍ የሚወጣው ከብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች የተገመደ፣ እጅግ ያነሰ ውፍረት ያለው ገመድ ነው። ሴጌቶ በሚባለው የብረት መጋዝ ሲሞከር ሽቦዎቹ እየተለጠጡ ጥርሱን ስለሚይዙት፣ የሚቆረጠውን ቦታ በፕላስተር አጥብቆ ጠቅልሎ በሽቦ መቁረጫ ፒንሳ ጥቂት ጥቂት ሽቦዎችን በየተራ መቁረጥ ይቀላል።

በሰንሰለትና በጓጉንቸር ለተቆለፈ ብስክሌት አስቀድሞ የሁለቱን ዋጋ ማመዛዘን ይገባል፤ ጓጉንቸሩ ርካሽ ከሆነ ቅስቱን ቆርጦ ሰንሰለቱን ማትረፍ ይሻላል። ለለስላሳ ብረት እጀታው 60 ወይም 90 ሳንቲሜትር የሚረዝም የብረት መቁረጫ መቀስ ይበቃል፤ አንዱን እጀታ መሬት ላይ አስደግፎ በሌላው ላይ የሰውነትን ክብደት መጫን ጉልበቱን ያበዛዋል። የጠነከረ ብረት ግን የመቀሱን ስለት ይሸርፋል። ወፍራም የሰንሰለት ቀለበት በአንድ በኩል ብቻ ሲቆረጥ ክፍተቱ ተጎራባቹን ቀለበት ስለማያሳልፍ በሁለት ቦታ መቆረጥ እንዳለበትም ሊታወቅ ይገባል።

የዩ ቅርጽ መቆለፊያ አሞሌ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የጠነከረ ብረት ሲሆን፣ የሚቆረጠውም በግራይንደር ነው። በርካሾቹ ላይ አሞሌው በአንድ ጫፍ ብቻ ስለሚያዝ አንድ ቁርጥ ሊበቃ ይችላል፤ በተሻሉት ላይ ግን በሁለቱም ጫፍ በመወርወሪያ ስለሚያዝ ሁለት ቦታ መቁረጥ ያስፈልጋል። በአሞሌው መካከል የመኪና ክሪክ አስገብቶ መለጠጥ የሌባ ዘዴ ነው፤ ብረቱ በድንገት ሲለቅ ክሪኩ ሊፈናጠር፣ የብስክሌቱ ቧንቧም ሊጎብጥ ስለሚችል የሚጠቅም ለማይመለከተውና ለሚቸኩል ሰው ብቻ ነው።

በኔዘርላንድ ብስክሌቶች ላይ የተለመደው፣ የኋላ ጎማውን በቀለበት የሚይዘው መቆለፊያ ጎማውን ከመዞር የሚያግድ እንጂ ብስክሌቱን ከምሰሶ ጋር የማያያይዝ ስለሆነ፣ የኋላውን አንሥቶ እስከ ብረታ ብረት ቤት መውሰድ ይቻላል።

ቁጥሩ ለተረሳበት መቆለፊያ ደግሞ ትዕግሥት ራሱ መሣሪያ ነው። ባለ ሦስት አኃዝ መቆለፊያ 1,000 አማራጭ ብቻ ስላለው ለአንዱ ሁለት ሰከንድ ቢወስድ ሁሉም በ33 ደቂቃ ገደማ ይዳረሳሉ፤ ባለ አራት አኃዙ 10,000 ስለሚሆን እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ሰዎች ሲቆልፉ አንዱን ወይም ሁለቱን የቁጥር ቀለበት ብቻ ስለሚያዞሩ፣ መቆለፊያው ላይ ከሚታየው ቁጥር በአንድ ወይም በሁለት አኃዝ የሚለዩትን አስቀድሞ መሞከር ሥራውን ያሳጥረዋል።

ግራይንደር ሲያስፈልግ

ግራይንደር በአንድ በኩል ፈጣኑ፣ በሌላ በኩል ደግሞ አደገኛው መሣሪያ ነው። 125 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የተለመደ የመቁረጫ ዲስክ በተፈቀደለት ከፍተኛ ፍጥነት በደቂቃ 12,200 ጊዜ ገደማ ሲዞር ጠርዙ በሰከንድ 80 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በዚህ ፍጥነት የሚሰበር ዲስክ ቁራጩ እንደ ጥይት ይወረወራል። በዚህ ምክንያት የዲስኩ መከለያ ፈጽሞ አይነቀልም፣ በዲስኩ መሐል ባለው የብረት ቀለበት ላይ የታተመው የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ ይታያል፣ ዓይንም በጎን በኩል ጭምር በሚሸፍን የሥራ መነጽር ይጠበቃል እንጂ በፀሐይ መነጽር አይሆንም።

ብስክሌቱም መጠበቅ አለበት። ፍንጣሪው ቀለምን ይበሳል፣ ጎማንና የፍሬን ላስቲክን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ለቁርጡ ቅርብ የሆኑት አካላት በውኃ በራሰ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ይሸፈናሉ፣ ፍንጣሪው ከብስክሌቱ ተቃራኒ እንዲበተንም መሣሪያው ይዞራል። ብስክሌቱ የኤሌክትሪክ ከሆነ የሊቲየም ባትሪው አስቀድሞ ተነቅሎ ይራቃል። አሞሌው በቁርጡ አካባቢ ተደግፎ ሲያዝ ክፍተቱ እየሰፋ እንጂ እየጠበበ እንዳይሄድ ጥንቃቄ ይደረጋል፤ ክፍተቱ ከጠበበ ዲስኩን ይነክሰውና መሣሪያውን ወደ ሠሪው ይወረውረዋል። ተቆርጦ የወደቀው ጫፍም ከተቆረጠ በኋላ ለተወሰኑ ደቂቃዎች እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ስለሚይዝ ወዲያው አይነካም። ይህን ሥራ ያልተለማመደ ሰው ባለሙያ ቢቀጥር የሚከፍለው ዋጋ ከተጎዳ ዓይን ወይም ከተበሳ ቧንቧ ዋጋ በእጅጉ ያንሳል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውም በእንዲህ ያለው ቦታ ነው።

ከተፈታ በኋላ

በተቆረጠው ፋንታ አዲስ መቆለፊያ ሲገዛ ከአፈታቱ ሥራ ትምህርት ሊወሰድ ይገባል፤ በፒንሳ የተቆረጠ ገመድ ሌባውንም ያን ያህል ጊዜ ብቻ ያቆየው እንደነበር ባለቤቱ በዓይኑ አይቷልና። ሁለቱን ቁልፎች በአንድ ቀለበት ላይ ማንጠልጠል ትርፉን ቁልፍ ከዋናው ጋር አብሮ እንዲጠፋ ያደርገዋል፤ ስለዚህ አንዱ ከቤት ሳይወጣ ይቀመጣል። የቁልፍ ቁጥሩም ከደረሰኙና ከብስክሌቱ የአካል ቁጥር ጋር በአንድ ወረቀት ተመዝግቦ ይያዛል እንጂ ከመቆለፊያው ጋር አይታሰርም፤ የቁልፉን ፎቶግራፍ ለሰው ማሳየትም አይገባም፣ ምክንያቱም የጥርሶቹ አቆራረጥ በግልጽ ከታየ የተካነ ቀራጭ ከምስሉ ብቻ ሌላ ቁልፍ ሊያወጣ ይችላል።