ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ውኃውስ?

ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ሥራው መሳካቱንና አለመሳካቱን ለማወቅ ብዙም አይቸገርም። ገዢ ከጠፋ ሱቁ ይዘጋል። ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ግን ገንዘቡን የሚሰጠው አንድ ወገን፣ አገልግሎቱን የሚያገኘው ደግሞ ሌላ ወገን ነው። ስለዚህ ሥራው ሳይሳካም ድርጅቱ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል።

እስቲ እድርን እንውሰድ። እድርም ለትርፍ የቆመ አይደለም፤ ግን የክትትልና ግምገማ ባለሙያ ሲቀጥር ታይቶ አያውቅም። ለምን ቢባል፣ ወርሃዊ መዋጮ የሚከፍለውና ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን የሚተከልለት ሰው አንድ ስለሆነ ነው። ድንኳኑ በሰዓቱ ካልደረሰ በሚቀጥለው ስብሰባ የእድሩ ዳኛ መልስ ያጣል። ባሕር ማዶ ያለ ለጋሽ ግን በእጁ ያለው ሪፖርት ብቻ ነው። የፕሮግራም ግምገማ የሚባለው ሙያ ይህን ርቀት ለመሙላት የሚደረግ ጥረት ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

በክፍል ውስጥ የምንማረው ሎግፍሬም እ.ኤ.አ. በ1969 ለአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ዩ.ኤስ.ኤ.አይ.ዲ. የተዘጋጀ ነው። ከታች ወደ ላይ ሲነበብ ተግባር ውጤትን፣ ውጤት ዓላማን፣ ዓላማ ግብን ያመጣል ይላል። በጎን ደግሞ አመልካች፣ ማረጋገጫና ታሳቢ የሚባሉ ዓምዶች አሉ። ሠንጠረዡን መሙላት አይከብድም። ከባዱ ታሳቢ የሚለው ዓምድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን "ሰላምና መረጋጋት ይኖራል" ተብሎ ይታለፋል። ፕሮጀክቱ የሚወድቀው እኮ እዚያ ዓምድ ውስጥ ሳይጻፍ በቀረው ነገር ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ድርጅት በሦስት ዓመት 20 ጉድጓድ ቆፍሮ የእጅ ፓምፕ ሊተክል አቀደ እንበል። አመልካቹ "የተቆፈሩ ጉድጓዶች ብዛት" ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላ 20ው ተቆፍሯል፣ አፈጻጸሙ መቶ በመቶ ነው፣ ፎቶም አለ። ታዲያ በአራተኛው ዓመት እናቶች እንስራና ጀሪካን ተሸክመው ወደ ወንዝ ሲመለሱ ሪፖርቱ ውሸት ነበር ማለት ነው? አይደለም። ጥያቄው ነው የተሳሳተው። የተቆጠረው ድርጅቱ የሠራው እንጂ በሰዎቹ ኑሮ ላይ የተለወጠው አይደለም።

ለምሳሌ አፍሪዴቭ የሚባለውን ፓምፕ ብናይ፣ የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ የተነደፈ ነው። ሆኖም የሚያልቁ የጎማ ክፍሎች አሉት። መለዋወጫው ቅርብ ከተማ ይገኛል? የውኃ ኮሚቴው በየወሩ ገንዘብ ይሰበስባል? የሠለጠነው ጠጋኝ አካባቢውን ለቆ ቢሄድስ? ታሳቢ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ዕቅዱ ላይ ቢሰፍሩ ኖሮ አመልካቹም ይለወጥ ነበር፦ ፓምፑ ሲበላሽ በስንት ቀን ተጠገነ? ከሁለት ዓመት በኋላ ስንቱ ውኃ ይሰጣል? ደርሶ መልሱ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያካሂዱት ክትትል አንድ ቤተሰብ "መሠረታዊ" የመጠጥ ውኃ አገልግሎት አለው የሚባለው፣ ከተጠበቀ ምንጭ ወረፋን ጨምሮ ከ30 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ቀድቶ መመለስ ሲችል ነው። ጉድጓድ ቆጥሮ ይህን ማወቅ አይቻልም።

እዚህ ላይ መነሻ መረጃ፣ በተለምዶ ቤዝላይን የምንለው፣ ቁፋሮው ሳይጀመር መሰብሰብ አለበት። በመጨረሻው ዓመት "ድሮ ስንት ሰዓት ትሄዱ ነበር?" ብሎ መጠየቅ ዋጋው ትንሽ ነው። ሰው የትናንቱን ድካም አንዴ ያበዛዋል፣ አንዴም ይረሳዋል። በዚያ ላይ ጠያቂው የድርጅቱን ኮፍያ አድርጎ በድርጅቱ መኪና ከመጣ መልሱ የታወቀ ነው፤ "እግዜር ይስጣቸው፣ ሁሉም ጥሩ ነው" ይባላል። ነገ የሚመጣውን እርዳታ ማን ማስቀየም ይፈልጋል?

ሌላው ለውጡ የማን ነው የሚለው ነው። የሕፃናት ተቅማጥ ቢቀንስ ድርጅቱ ጉድጓዱን ያመሰግናል። ግን በዚያው ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ መጸዳጃ ቤትና እጅ መታጠብ ያስተምራሉ። ጉድጓድ ያልተቆፈረበትን፣ በሌላው ግን የሚመሳሰለውን ጎረቤት ቀበሌ አብሮ ሳይመዝኑ ምስጋናውን ጠቅልሎ መውሰድ ልክ አይመስለኝም።

"ይህን ሁሉ በምን ገንዘብ?" የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 621/2001 መሠረት አንድ ድርጅት ለአስተዳደር የሚያውለው ከዓመታዊ ወጪው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ሐሳቡ ገንዘቡ ለተረጂው እንዲደርስ ነው፤ ክፋት የለውም። ይሁን እንጂ በመመሪያው የክትትልና ግምገማ ወጪም ከአስተዳደር ተደመረ። ቀበሌ ድረስ ሄዶ ፓምፑን ማየት ከቢሮ ኪራይና ከጸሐፊ ደመወዝ ጋር ይሻማ ጀመር። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚቀነሰው የቱ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። አዋጁን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ከጠቅላላ ገቢ ወደ 20 በመቶ አወረደው፤ ነገር ግን አስተዳደራዊ ወጪ የሚለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘውን ነው። ስለዚህ መነሻ ጥናትና የመስክ ክትትል ገና ከጅምሩ በፕሮጀክቱ ሥራ ውስጥ ታቅደው፣ በጀታቸውም እዚያው ሊያዝ ይገባል። በመጨረሻው ወር የተረፈውን ብር ፈልጎ አማካሪ መቅጠር ግምገማ ሳይሆን ማወራረጃ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የማጠቃለያው ሪፖርት ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፍና ለለጋሹ ይላካል። የውኃ ኮሚቴዋ ሰብሳቢ አታየውም። ሁለት ገጽ በአካባቢው ቋንቋ አዘጋጅቶ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ማንበብ የፎቶ ኮፒ ዋጋ ነው የሚያስወጣው። ፓምፑ "በአማካይ በሦስት ቀን ይጠገናል" የሚል ከተጻፈ፣ እውነት መሆን አለመሆኑን እዚያው ተነስታ የምትናገረው እሷ ናት።