የእንግሊዞች ሰምና ወርቅ

ብዙዎቻችን የእንግሊዝ ጋዜጣ ስንገልጥ የመስቀለኛ ቃላቱን እንቆቅልሽ እናይና «እንግሊዝኛችን ገና ነው» ብለን እናልፈዋለን። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለንም። የጐደለን የጨዋታውን ደንብና ጥቂት የአገር ቤት ቃላትን ማወቅ ነው።

እንቆቅልሹን በ1913 እ.ኤ.አ. «ኒው ዮርክ ወርልድ» በተባለው ጋዜጣ ላይ ያወጣው የሊቨርፑል ተወላጅ አርተር ዊን ነው። ወደ እንግሊዝ ከተሻገረ በኋላ ግን ተራ ፍቺ መጠየቁ ቀርቶ ወደ ቅኔ ተጠጋ። እያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የመልሱ ፍቺ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ ወይም በመጨረሻ ይገኛል፤ ሁለተኛው ፊደሎቹ እንዴት እንደሚገኙ ይናገራል። ዐረፍተ ነገሩ ላይ ላዩን የሚያወራው ሰሙ ነውና አይታመንም። በቅንፍ ያለው ቁጥር የፊደሎቹን ብዛት ያሳያል።

ምሳሌ እንስጥ፤ «አበባ በኮክኒ ቤት (4)»። በእንግሊዝኛ አበባ «ፍላወር» ነው። ጠያቂው ግን ቃሉን «ፍሎው»፥ ማለት ፈሰሰ፥ ከሚለው ግስ ያወጣና «የሚፈስ» ያሰኘዋል፤ እንግዲህ ወንዝ ነው። ኮክኒ የምሥራቅ ለንደን ተወላጅ ነው፤ በቃል መጀመሪያ ያለውን «ኤች» ስለሚውጥ ቤቱን «ሃውስ» በማለት ፈንታ «አውስ» ይለዋል። ከአምስቱ ፊደሎች «ኤች» ሲወጣ የቀሩት አራቱ በዮርክ ከተማ የሚያልፈው የኡዝ ወንዝ ስም ናቸው። ንባቡ ቢለይም አጻጻፉ አንድ ነው።

የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ብቻ የተማረ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በጥያቄው ውስጥ ስኮትላንድ ወይም ግላስጎው ሲጠራ የዚያን አገር ቃል መፈለግ ይገባል። «በርን» መቃጠል መሆኑ ቀርቶ ጅረት ይሆናል፤ «ዊ» ትንሽ፥ «ኬን» ማወቅ፥ «ቤርን» ሕፃን ነው። ዮርክሻየር ከተባለ «ናውት» ምንም ማለት ነው። በኤዲንብራ የተጀመረው የቼምበርስ መዝገበ ቃላት በስኮቶች ቃላት የበለጸገ ስለ ሆነ ፈቺዎች ይወዱታል።

ታዲያ «በርን» ኅብረ ቃል አይደለምን? አንዱን ቃል በሁለት ፍቺ መስማት ለእኛ ባዕድ አይደለም። የለንደኑ ሰውም ቢሆን የስኮቱን ቃል እንደ እኛው ተምሮ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ እንዲህ ያሉትን ቃላት በደብተር እንመዝግብ፤ መልሱ በወጣ ጊዜም ያልፈታነውን ጥያቄ ወርቁ ከየት እንደ ወጣ እስኪገባን ድረስ እንመርምረው።