በማንኪያ የሚሰጥ መርዝ

መርዝ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው እባብን ነው። እርግጥ፣ የአንዳንድ እባብ መርዝ የደምን አረጋግ አዛብቶ ኵላሊትን ሥራ ያስፈታል። ነገር ግን እባብን ያየ ሰው ይሸሻል። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት በጠርሙስ ተሞልቶ፣ በስኳር ጣፍጦ፣ እናት በገዛ እጅዋ ለልጅዋ በማንኪያ ስለምታጠጣው መርዝ ነው።

በቅድሚያ ስለ ኵላሊት ጥቂት እንናገር። በእያንዳንዱ ኵላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች ይገኛሉ። እነዚህም በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ከዚህ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብቻ ሲሆን የቀረው ወደ ደም ይመለሳል። ውሃው ሲመለስ ቆሻሻው እየተጠራቀመ ስለሚቀር፣ በደም ውስጥ ጥቂት የነበረው መርዝ በኵላሊት ዘንድ ይበዛል። ቤት የሚጠርግ ሰው አቧራውን ከሁሉ አስቀድሞ እንደሚስብ ማለት ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በቴነሲ ክፍለ ሀገር የሚገኝ አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ፣ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን መድኃኒት በፈሳሽ መልክ ለመሸጥ አሰበ። መድኃኒቱን ለማሟሟት የመረጠው ዳይኤቲሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል ነበር። ጣዕሙ ተቀመሰ፤ መልኩ ታየ፤ ሽታውም ተመረመረ። ሰውን ይጎዳ እንደሆነ ግን የመረመረ አልነበረም። ኬሚካሉ በሰውነት ውስጥ ወደ አሲድ ተለውጦ የኵላሊትን ሕዋሳት ስለሚገድል፣ የጠጡት ሰዎች ሽንታቸው ቆመ፤ ከ100 የሚበልጡትም ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ሕፃናትም ነበሩ። በዚያን ጊዜ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ እንዲፈተን የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። ሕጉ የወጣው በማግሥቱ ዓመት በ1938 ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ በዚህ ያበቃ እንዳይመስልህ። ይህ ኬሚካል የሳል ሽሮፕ የሚሠራበትን ግሊሰሪን ይመስላል፤ እንደ እርሱ ወፍራምና ጣፋጭ ሲሆን ዋጋው ግን ይረክሳል። በ2006 በፓናማ፣ ግሊሰሪን የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው በርሜሎች ከቻይና ተነሥተው በስፔን ነጋዴ በኩል አለፉ። ንጹሕ ነው የሚለው የምስክር ወረቀትም ከእጅ ወደ እጅ ተሸጋገረ። ማንም በርሜሉን ከፍቶ ሳይመረምር የመንግሥት ፋብሪካ ሽሮፕ ሠራበት፤ ብዙ ሕዝብም አለቀ። በ2022 ደግሞ በጋምቢያ፣ ከሕንድ አገር የመጣ ሽሮፕ ከጠጡ በኋላ 70 ያህል ሕፃናት በኵላሊት ሥራ ማቆም ሞቱ።

የሚያሳዝነው፣ ይህን መርዝ ለይቶ የሚያሳይ ዋጋው የማይከብድ የላቦራቶሪ ምርመራ መኖሩ ነው። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ወረቀቱን አምኖ ከመፈረም በፊት «ማን መረመረው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ነገ ወንበር የምትይዝ ተማሪ፣ ዛሬም ማኅተም በእጅህ ያለ ወጣት ሹም፣ ይህ ጥያቄ ሐኪሙን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በፓናማ በርሜሉን ያሳለፉት ሰዎች መርዝ በእጃቸው አልነኩም፤ የነኩት ወረቀት ብቻ ነበር።